ክላራ ሹማን

ክላራ ሹማን (ከጋብቻ በፊት ክላራ ዮዜፊን ቪክ፤ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1819 – ሜይ 20 ቀን 1896 እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊት የፒያኖ ተጫዋች፣ የሙዚቃ ደራሲና መምህርት ነበረች። ከ60 ዓመት በላይ በመድረክ ላይ ቆይታለች። ስሟ ብዙውን ጊዜ ከባሏ ከሮበርት ሹማን ጋር ተያይዞ ቢነሳም፣ በተጋቡበት ወቅት በአውሮፓ ይበልጥ የታወቀችው እሷ ነበረች። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነት

ክላራ በሳክሶኒ ግዛት በላይፕዚግ ከተማ ተወለደች። አባቷ ፍሪድሪክ ቪክ ፒያኖ ያስተምር፣ ይሸጥና ያከራይ ነበር፤ እናቷ ማሪያነ ትሮምሊትስ ደግሞ ዘፋኝና የፒያኖ ተጫዋች ነበረች። ባልና ሚስቱ ሲለያዩ የአገሩ ሕግ ልጆችን ለአባት ይሰጥ ስለነበር ክላራ በአምስት ዓመቷ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። አራት ዓመት እስኪያልፋት አፏን ስላልፈታች ቤተሰቦቿ ጆሮዋ አይሰማም ብለው ጠርጥረው ነበር።

ቪክ ልጁን ለመድረክ አሳደጋት። የዕለት ማስታወሻዋን እንኳ ለዓመታት ራሱ፣ እሷ የጻፈችው አስመስሎ በእሷ አንደበት ይጽፍላት ነበር። በ9 ዓመቷ በላይፕዚጉ ጌቫንድሃውስ አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ቀረበች፤ በ11 ዓመቷ እዚያው የራሷን ሙሉ ኮንሰርት አሳየች። በ1831 በቫይማር ለሽምግልና በደረሰው ገጣሚ በጎተ ፊት ተጫወተች፤ በ1838 ደግሞ የኦስትሪያ ቤተ መንግሥት የክብር ማዕረግ ሰጣት። በ13 ዓመቷ መጻፍ የጀመረችውን በኤ ማይነር ቅኝት የተሠራ የፒያኖ ኮንቼርቶ (ኦፐስ 7 ማለትም የሥራ ቁጥር 7) በ1835 ራሷ ስትጫወተው ኦርኬስትራውን የመራው ፌሊክስ ሜንደልሶን ነበር።

የፍርድ ቤት ክርክርና ጋብቻ

ሮበርት ሹማን በ1830 ፒያኖ ሊማር የቪክ ቤት ደባል ሆኖ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ጣቱ ስለተጎዳበት መጫወቱን ትቶ ወደ ድርሰት አዘነበለ። በ1837 ከክላራ ጋር በምስጢር ተጫጩ። አባትየው ግን አሻፈረኝ አለ። የሮበርት ገቢ አስተማማኝ አልነበረም፤ በሌላ በኩል የልጅቷ ኮንሰርቶች ለቪክ ጥሩ ገንዘብ ያስገቡለት ነበር፣ ያገኘችውንም በእጁ ይዞ ቆየ። ያለ አባት ፈቃድ ማግባት ስላልተቻለ በ1839 ሁለቱ ፍርድ ቤት አቤት አሉ። ቪክ አማቹ ሊሆን ያለውን ሰው በጠጪነት ከሰሰው፤ ማስረዳት ግን አልቻለም። ፍርድ ቤቱ ፈቀደላቸውና ሴፕቴምበር 12 ቀን 1840፣ ክላራ 21 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀራት፣ በላይፕዚግ አጠገብ ባለችው በሾነፌልድ ተጋቡ።

ጋብቻው ለሙዚቃዋ ድጋፍም እንቅፋትም ሆነ። ሮበርት እንድትጽፍ ያበረታታት ነበር፤ በ1841 በፍሪድሪክ ሩከርት ግጥሞች ላይ 12 ዘፈኖችን በጋራ ሲያሳትሙ ሦስቱ የእሷ ነበሩ፣ የትኛው የማን እንደሆነ ግን በሕትመቱ ላይ አልተገለጸም። ነገር ግን እሱ ሲሠራ ጸጥታ ስለሚያስፈልገው እሷ ፒያኖዋን መክፈት አትችልም ነበር። በ13 ዓመት ውስጥም ስምንት ልጆች ወለደች፤ አንዱ ገና በሕፃንነቱ ሞተ። በ1849 በድሬስደን አመፅ ሲነሳ ባልና ሚስቱ አመፀኞቹ ሮበርትን እንዳይወስዱት ትልቋን ልጃቸውን ይዘው ከከተማው ሸሹ። ከዚያ ክላራ የሰባት ወር እርጉዝ ሆና በሌሊት ተመለሰችና ቤት የቀሩትን ልጆች ከውጊያው መሀል አወጣቻቸው።

ድርሰቶቿ

ክላራ በራሷ የድርሰት ችሎታ አጥብቃ ትጠራጠር ነበር። በ1839 በማስታወሻዋ፣ ከእሷ በፊት ሴት ያልሠራችውን እሷ መመኘቷ ተገቢ እንዳልሆነ እስከ መጻፍ ደርሳለች። ሥራዎቿ ግን የሚያሳዩት ሌላ ነው። ለፒያኖ፣ ለቫዮሊንና ለቼሎ የጻፈችው ትሪዮ (ኦፐስ 17፣ 1846) ከሁሉም የላቀ ሥራዋ ነው ሊባል ይችላል።

ቤተሰቡ ወደ ዱሰልዶርፍ ከተዛወረ በኋላ፣ በ1853 ባሏን ሳትረብሽ የምትሠራበት ክፍል ያለው ቤት አገኙ። ውጤቱ ወዲያው ታየ፦ በዚያው በጋ በባሏ ዜማ ላይ የተመሠረቱትን ቫሪየሽኖች (ኦፐስ 20)፣ የፒያኖ ሮማንሶች (ኦፐስ 21)፣ ለቫዮሊን ተጫዋቹ ለዮዜፍ ዮአኪም ያበረከተቻቸውን ሦስት ሮማንሶች (ኦፐስ 22) እና ስድስት ዘፈኖች (ኦፐስ 23) ጻፈች። ከዚያ በኋላ ግን ጥቂት ነገሮች ብቻ ናቸው ያሏት።

ከ1854 በኋላ

በፌብሩዋሪ 1854 ሮበርት በአእምሮ ሕመም ተይዞ ራሱን ራይን ወንዝ ውስጥ ወረወረ። ዳነ፤ በቦን አጠገብ በኤንደኒክ የሕሙማን ቤት ተኛ። ሐኪሞቹ ከሁለት ዓመት በላይ ሚስቱን እንዳያይ ከለከሏት፤ ያየችው በጁላይ 1856 ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። የመጨረሻ ልጃቸውን ፌሊክስን አባቱ አላየውም።

ሰባት ልጆችን የማሳደግ ሸክም በእሷ ላይ ወደቀ። ወዳጆቿ የእርዳታ ኮንሰርት ሊያዘጋጁላት ቢያስቡም አልተቀበለችም፤ በጀርመን፣ በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች እየተዘዋወረች በጣቶቿ ቤተሰቡን አስተዳደረች። በሕይወቷ ከሰጠቻቸው ኮንሰርቶች ወደ 1,300 የሚጠጉ ፕሮግራሞች ተጠብቀው ይገኛሉ። ኖታ ሳታይ በቃሏ ከተጫወቱት ቀደምት ፒያኒስቶች አንዷ ስትሆን፣ በመድረክ ላይ ለታይታ ከሚጻፉ ቁርጥራጮች ይልቅ የባኽን፣ የቤትሆቨንን፣ የሾፐንንና የባሏን ሥራዎች አስለመደች። በ1853 በቤታቸው የተዋወቃት ዮሐንስ ብራምስ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ የቅርብ ወዳጇ ነበር።

ከልጆቿ ዩልያና ፌሊክስ ወጣት ሳሉ ሞቱ፣ ሉድቪግ በአእምሮ ሕመም ተቋም ቀረ። ፈርዲናንድም ቀድሟት ሲሞት ልጆቹን የመደገፉ ኃላፊነት በእሷ ላይ ወደቀ።

በ1878 በፍራንክፈርት በሆኽ ኮንሰርቫቶሪ ዋና የፒያኖ መምህርት ሆና እስከ 1892 አስተማረች፤ ልጆቿ ማሪና ኦይጌኒ ያግዟት ነበር። የባሏን ሙሉ ሥራዎች ለሕትመት ያዘጋጀችውም በዚህ ጊዜ ነው። የመጨረሻ ኮንሰርቷን በ1891 ሰጠች። በፍራንክፈርት በስትሮክ ሞተች፤ በቦን ከተማ ከሮበርት ጎን ተቀበረች። ከ1990 ጀምሮ ዩሮ እስኪተካው ድረስ በ100 የጀርመን ማርክ ኖት ላይ የነበረው ምስል የእሷ ሲሆን፣ በጀርባው ፒያኖ ይታያል።