ከምርኮኝነት ወደ እረኝነት፤ የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ሕይወት

ብዙ ሰዎች መሪነት ከዘር፥ ከሀብት ወይም ከሠራዊት ብዛት የሚገኝ ይመስላቸዋል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው ጳጳስ የአባ ሰላማ ሕይወት ግን ይህ አሳብ ትክክል አለመሆኑን ያስረዳል። እኒህ አባት መጀመሪያ ወደ አገራችን የገቡት የንጉሥ መልእክተኛ ሆነው ወይም ለስብከት ተልከው ሳይሆን፥ በልጅነታቸው ተማርከው ነው። ለመንበረ ጵጵስና ያበቃቸውም በእጃቸው የገባውን የሰው ገንዘብና የሰው ሥልጣን እንደ አደራ መጠበቃቸው ነው።

ነገሩም እንዲህ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ አገር ለማየት በመርከብ ሲጓዝ፥ የሚያስተምራቸውን ሁለት ወጣት ዘመዶቹን ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን ይዞ ነበር። ሲመለሱም ስንቅና ውሃ ለመያዝ ከቀይ ባሕር ወደቦች በአንዱ ቆሙ። በዚያን ጊዜ የአገሩ ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ስለ ነበር፥ የመርከቡን ሰዎች ገደሏቸው። ሁለቱ ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ስለ ተገኙ፥ ራርተው ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው። ታሪኩን የጻፈው ሩፊኖስ ከራሱ ከኤዴስዮስ እንደ ሰማው ይመሰክራል።

ንጉሡም ኤዴስዮስን ጠጅ አሳላፊ፥ ፍሬምናጦስን ግን አስተዋይነቱን አይቶ የገንዘቡና የደብዳቤው ኀላፊ አደረገው። እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል። መምህሩና የጉዞ ባልንጀሮቹ የተገደሉበት ልጅ የግምጃ ቤቱ ኀላፊነት በእጁ ሲገባ፥ ቂም ቢይዝ ወይም ለማምለጫው ጥቂት ቢያስቀር ማን ይደነቅ ነበር? እርሱ ግን እንደ ዮሴፍ በግብፅ፥ በባዕድ ቤት ታምኖ አገለገለ።

ንጉሡ ባረፈ ጊዜ ሁለቱን ወንድማማቾች ነጻ አወጣቸው። ይሁን እንጂ ንግሥቲቱ ሕፃን ልጅ ይዛ ስለ ቀረች፥ ልጁ እስኪያድግ መንግሥቱን በመጠበቅ እንዲረዷት ለመነቻቸው። ፍሬምናጦስም አገሩ ሳይናፍቀው አልቀረም፤ ነገር ግን የመበለቲቱንና የሕፃኑን ነገር አስቦ ቀረ። በዚያም ዘመን ለንግድ የሚመጡትን ክርስቲያኖች እየፈለገ የጸሎት ስፍራ አሰናዳላቸው፤ የሚያስፈልጋቸውንም ሰጣቸው። ሕዝቡን በሥልጣን ኀይል ስለ ማስገደዱ ግን በታሪኩ አይነበብም።

ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና የመጣው ልዑሉ ባደገ ጊዜ ነው። የሕፃን ንጉሥ ሞግዚት ሆኖ ሥልጣን የቀመሰ ሰው መልቀቅ እንዴት እንደሚከብደው የነገሥታት ታሪክ ሁሉ ይናገራል። ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ግን አደራውን ለባለቤቱ አስረከቡ፤ እንዲቆዩ ቢለመኑም ተሰናብተው ሄዱ። ኤዴስዮስ ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ተመለሰ፤ በዚያም ቅስና ተቀበለ።

ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ወርዶ ከ328 ዓመተ እግዚእ ጀምሮ በመንበረ ማርቆስ ለተቀመጠው ለቅዱስ አትናቴዎስ፥ በኢትዮጵያ የተሰበሰበው መንጋ እረኛ እንደሌለው አስረዳ፤ ጳጳስም እንዲላክ ለመነ። የለመነው ለራሱ አልነበረም፤ ለሕዝቡ ነበር እንጂ። ቅዱስ አትናቴዎስም ከካህናቱ ጋር ተማክሮ ከእርሱ የተሻለ እንደማይገኝ ስላወቀ፥ እርሱኑ ጳጳስ አድርጎ ላከው። በምርኮ በገቡባት አገር አሁን በአባትነት ገቡ፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንም ተባሉ።

ሹመት ካገኙ በኋላም ፈተና አልቀረላቸውም። የአርዮስን ወገን የሚደግፈው ንጉሠ ነገሥት ቈስጠንጥዮስ በ356 ወይም በ357 ዓመተ እግዚእ ገደማ ለነገሥታቱ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፥ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሰው በአርዮሳዊው በቀጰዶቅያው ጊዮርጊስ ዘንድ እንዲመረመሩ ጠየቀ። ደብዳቤው በቅዱስ አትናቴዎስ መጽሐፍ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። ቤተ ክርስቲያናችን ግን እስከ ዛሬ በኒቅያ ሃይማኖት ጸንታ መኖሯ፥ የተቀበሉትን አደራ እንዳልለወጡ ምስክር ነው። በኢዛና ገንዘብ ላይ በጨረቃ ምልክት ፈንታ መስቀል መቀረጹም የትምህርታቸውን ፍሬ ያሳያል።

እንግዲህ ካህናትና ምእመናን ሆይ፥ ከዚህ ሕይወት የምንማረው ምንድን ነው? ታላቅ መሪ የሚሆነው ሰው አስቀድሞ የሚታወቀው በዙፋን ላይ ሳይሆን የሌላውን ገንዘብ በያዘበት ቀን ነው። የንዋየ ቅድሳቱን ቁልፍ የያዘ ቄሰ ገበዝ፥ ሙዳየ ምጽዋት የሚቈጥር ሽማግሌ፥ የሙት ልጅ ርስት የሚጠብቅ አጎት፥ ሁሉም በፍሬምናጦስ ስፍራ ቆመዋል። በጥቂቱ ያልታመነ በብዙው ላይ ቢሾም የሚያጠፋው ብዙ ነው። አገልግሎቱን ፈጽሞ ቦታውን ለተተኪው በሰላም የሚለቅ ግን፥ ቢሄድም የሚፈለግ፥ ቢመለስም በደስታ የሚቀበሉት ይሆናል። ስለዚህ በየዓመቱ ሐምሌ 26 ቀን መታሰቢያቸውን ስናከብር፥ በእጃችን ያለው አደራ የማን እንደ ሆነና መቼ እንደምንመልሰው እያንዳንዳችን ራሳችንን እንመርምር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።