ኤርዊን ሮሜልና የበረሃው የነዳጅ መንገድ

የጀርመኑ ፊልድ ማርሻል ኤርዊን ሮሜል የበረሃው ቀበሮ በሚለው ቅጽል ስሙ ይታወቃል። ስለ ውጊያ ስልቱ ብዙ ተጽፏል፤ ለመሐንዲስ ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው ግን የነዳጁ፣ የመንገዱና የወደቡ ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሮሜል በ1891 በደቡብ ጀርመን በሃይደንሃይም ከተማ ከመምህር ቤተሰብ ተወለደ። የወጣትነት ዝንባሌው ወደ ምሕንድስና ነበር፤ በአባቱ ግፊት ግን በ1910 ወታደር ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1917 በኢጣልያ ተራሮች ላይ ባሳየው ጀብዱ ከፍተኛ ሜዳይ ተሸለመ። በ1940ም 7ኛውን ብረት ለበስ ክፍለ ጦር እየመራ በፈረንሳይ ዘመተ።

በ1941 መጀመሪያ፣ የፋሺስት ኢጣልያ አገዛዝ በኢትዮጵያ በመፈራረስ ላይ ሳለ፣ በሊቢያ የነበረውም የኢጣልያ ጦር በእንግሊዞች ተመታ። ሂትለር አጋሩን ለማዳን በፌብሩዋሪ ወር ሮሜልን ወደ ትሪፖሊ ላከው። አፍሪካ ኮር የተባለው ጦር ዋነኛ ኃይሉ 15ኛውና 21ኛው ብረት ለበስ ክፍለ ጦሮች ነበሩ። ሮሜል ለአውሮፕላን መምቻ የተሠራውን 88 ሚሊሜትር መድፍ በታንክ ላይ በማዋል እንግሊዞችን አስጨነቀ። ጁን 21 ቀን 1942 ቶብሩክን ሲይዝ 33,000 ያህል ወታደሮች ማረከ፤ ወዲያውም የፊልድ ማርሻልነት ማዕረግ ተሰጠው።

ይሁን እንጂ ድሉ በራሱ ችግር ወለደ። ከትሪፖሊ ወደብ እስከ ኤል አላሜይን ያለው መንገድ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ለግንባሩ የሚቀርቡት ቤንጋዚና ቶብሩክ የጦሩን ፍላጎት የሚያሟላ ጭነት ለማራገፍ አቅም አልነበራቸውም። ካሚዮኖቹ ከጫኑት ነዳጅ ጉልሁን ድርሻ በመንገድ ላይ ያቃጥሉታል፤ አሸዋው ደግሞ ሞተሮችን ያለ ዕድሜያቸው ይጨርሳል። እንግሊዞች የጠላትን ምስጢራዊ መልእክት ፈትተው ያነቡ ስለ ነበር፣ ብዙ የነዳጅ መርከቦች በባሕር ላይ ሰጠሙ።

በአንድ ነገር ግን ጀርመኖች ይበልጡ ነበር። 20 ሊትር የሚይዘው የብረት መያዣቸው አያፈስም ነበር፤ የእንግሊዞቹ ስስ ጣሳ ግን በመንገድ ላይ እያፈሰ ብዙ ነዳጅ ያባክን ነበር። እንግሊዞችም የማረኩትን መያዣ ለጀርመን ወታደር ባወጡት ጄሪ በሚለው ቅጽል ስም ጠሩት፤ ዛሬ በየቤታችን ውሃ የምንቀዳበት ጀሪካን ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

ኦክቶበር 23 ቀን 1942 ሞንትጎመሪ በኤል አላሜይን ሲያጠቃ በታንክ ብዛት ሁለት እጥፍ ይበልጥ ነበር። በነዳጅ እጦት የተያዘው የሮሜል ጦር እንደ ልቡ ሊንቀሳቀስ ስላልቻለ ወደ ምዕራብ አፈገፈገ። ሮሜል በማርች 1943 ከአፍሪካ ወጣ፤ ጦሩም በሜይ ወር በቱኒዝያ እጁን ሰጠ። በሂትለር ላይ በተደረገው ሴራ ተጠርጥሮ ኦክቶበር 14 ቀን 1944 መርዝ እንዲጠጣ ተገደደ። መንግሥቱ ግን በቁስሉ ሞተ ብሎ ለሕዝቡ በመንገር በክብር ቀበረው።

ሮሜል ችሎታውን ለግፈኛ አገዛዝ አውሏል፤ ይህን የጦር ሜዳ ዝናው አይሸፍነውም። ለሽንፈቱም ስንቅ አቅራቢዎቹን ደጋግሞ ወቅሷል። ዳሩ ግን የወደቦቹ አቅምና የመንገዱ ርዝመት ወደ ግብፅ ከመዝመቱ በፊትም የታወቁ ነበሩ። ስሌቱን ችላ ላለው ውሳኔ ዋጋውን የከፈሉት በበረሃው የቀሩት ወታደሮች ናቸው።