አስናቀች ወርቁ፦ ክራሯ፣ መድረኳና እንጀራዋ

በዚህ እትም ታሪኳን የምናቀርብላችሁ ሴት ካረፈች ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗታል። ስሟን የማያውቅ ግን ጥቂት ነው። እኛ በሒሳብ ክፍል የምንሠራ ሰዎች ስለ ድምፃዊት ለመጻፍ የተነሣሣንበት ምክንያት አለን፤ እሱን መጨረሻ ላይ እንናገራለን።

አስናቀች ወርቁ በ1927 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ ተወለደች። እናቷን በልጅነቷ በሞት ስላጣች በሰው እጅ አደገች። ክራር ለመማር ትምህርት ቤት አልገባችም፤ እየሰማችና እየሞከረች ራሷን አስተማረች። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በጣቷ ካወቀቻቸው በኋላ ግጥሙንም እዚያው በቦታው መፍጠር ቻለች። ሰምና ወርቅ ያለው ስንኝ ስትደረድር የሚስቀውም የሚነካውም ሰው አንድ ላይ ያጨበጭብላት ነበር።

በዚያ ዘመን ክራር ይዛ በሰው ፊት የምትቀመጥ ሴት እንዴት ትታይ እንደነበር ለእኛ ለጎጃሞች ማስረዳት አያስፈልግም። ሠርጋችን ያለ ዘፈን አይደምቅም፤ አዝማሪ የሚለውን ስም ግን ለስድብ ስናውለው ኖረናል። አሞግሱኝ ብሎ ብር የሚሸልመው ሰው ራሱ፣ ልጁ ዘፋኝ ልሁን ብትለው ይቆጣል። አስናቀች የገባችበት ሥራ ይህ ነው።

በ1940ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ወደ ቴአትር መድረክ ወጣች። ከዚያ በፊት የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት የሴት ልብስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። እሷና ጥቂት እኩዮቿ ሴትን ሴት ሆነው መጫወት ጀመሩ። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው፣ ሲከፈት የደመወዝ መዝገብ ላይ ስማቸው የሚሰፍር ሴት ተዋንያንና ድምፃውያን መኖር እየተለመደ ሄደ። አስናቀችም እዚያ ለብዙ ዓመታት ተወነች፣ ዘፈነች። ለዘፋኝ ሴት የወር ደመወዝ ማለት ከሽልማት ጥገኝነት መላቀቅ ነው።

ሸክላ ማስቀረጽ ግን ሌላ ጉዳይ ነበር። በ1940 ዓ.ም. ገደማ በወጣው የመንግሥት ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። የግል ነጋዴ በዚህ ሥራ መግባት አይችልም ነበር። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት የሙዚቃ መደብር ባለቤት ይህን ትእዛዝ ደፍሮ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። ስድስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 103 ትንንሽና 12 ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። ሌሎችም ተከተሉት፤ የግል የሙዚቃ ንግድ በአገራችን የተወለደው ያን ጊዜ ነው። ጥቂት ቆይቶ ደርግ መጣ፤ በሰዓት እላፊ ምክንያት የሌሊት ቤቶች ጨለሙ፤ ሸክላም ቦታውን ለካሴት ለቀቀ።

የአስናቀች በጣም የታወቀው ሥራ የዚያን ጊዜ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ጋር ክራሯን አጣምራ ካሴት አስቀረጸች። ብዙ ሰው ክራርን የሽማግሌ ጨዋታ እያለ ወደ ጊታር በዞረበት ጊዜ ክራሯን ሳትጥል አዲሱን መሣሪያ ወደ እሷ አመጣችው። ይህ ካሴት ከብዙ ዓመታት በኋላ አሜሪካ ውስጥ እንደገና ታትሟል። ከዚያ ቀደም ብሎም በፈረንሳይ አገር የሚታተመው ኢትዮፒክስ የተባለው ተከታታይ አንዱን ቁጥር፣ 16ኛውን፣ በሙሉ ለእሷ ሰጥቷል። ስለ ሕይወቷም አስኒ የተባለ ዘጋቢ ፊልም ተሠርቷል፤ ለሕዝብ የቀረበው ግን ካረፈች በኋላ ነው።

እኛን እንደ ሒሳብ ሠራተኛ የሚከነክነን እዚህ ላይ ነው። ድምፅ አንድ ጊዜ ተቀርጾ ሃምሳ ዓመት ይሸጣል። በካሴቱ ዘመን ልማዱ ዘፋኙ የተስማማበትን ገንዘብ አንድ ጊዜ ተቀብሎ መሄድ ነበር። ካሴት ደግሞ በየሱቁ እየተገለበጠ ይሸጣል፤ ስንት ቅጂ እንደተሸጠ የሚቆጥር የለም፤ ካልተቆጠረ ነገር ደግሞ ድርሻ አይጠየቅም። የከዋኞችን መብት ለይቶ ለሃምሳ ዓመት የሚጠብቀው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ አስናቀች ወደ ሰባ ዓመት ተጠግታ ነበር። በመጨረሻ ዘመኗ ሕመም አልጋ ላይ አዋላት፤ መስከረም 2004 ዓ.ም. አዲሱ ዓመት በገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ አረፈች።

አሁን ወደ ምክንያታችን እንመለስ። ባለፈው ዓመት በሠርግ ቤት የምትዘፍን አንዲት እህት ማኅበራችን ውስጥ ለመመዝገብ መጣች። ቅጹን የሞላንላት እኛ ነን። ሥራ በሚለው ቦታ ላይ ሳንጠይቃት የቤት እመቤት ብለን ጻፍን፤ ያከበርናት መስሎን ነበር። ወርኃዊ ቁጠባዋን በሁዳዴ ወራት መክፈል ሲያቅታት ደግሞ ውዝፍ ብለን በቀይ መዘገብናት። እሷ ግን ሰነፍ አልነበረችም። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ስለሚበዛ ገንዘብ ታገኛለች፤ በጾሙ ሃምሳ አምስት ቀን ዘፈን የለም። ገቢዋ እንደ ገበሬ ገቢ ወቅት አለው። ለገበሬዋ አባላችን እህሉ እስኪደርስ እንታገሣለን፤ ለዘፋኟ ግን አልታገሥንም።

የአስናቀችን ታሪክ ለዚህ እትም ስናሰባስብ ያፈርነው በራሳችን ነው። ስለዚህ መዝገቡን አስተካክለናል፤ ሥራዋ ድምፃዊት ተብሎ ተጽፏል። የሥራ አመራር ኮሚቴውም ገቢያቸው ወቅት ያለው አባላት በሠርግ ወራት የጾሙን ቁጠባ አስቀድመው እንዲያስገቡ ፈቅዷል። ደጋፊዎቻችን በላካችሁት ገንዘብ ከተገዙት ደብተሮች አንዱ አሁን በእሷ እጅ ነው፤ የት እንደዘፈነች፣ ስንት እንደተቀበለች፣ ማን እንደቀረጻት ትጽፍበታለች። የምትዘፍኑም፣ የምትጠልፉም፣ የምትፈትሉም እህቶች ሒሳብ ክፍል ብቅ በሉ፤ ደብተሩ አለ፣ ከመፈረማችሁ በፊትም ውሉን አብረን እናነባለን።