በሁለት ጣቶች የጊታርን ታሪክ የለወጠው ጃንጎ ራይንሃርት

ጊታር የሚማር ሰው የግራ እጁ አራት ጣቶች በእኩል ብቃት ክሩን እንዲጫኑ ለማሠልጠን ዓመታት ይፈጅበታል። በአውሮፓ የጃዝ ሙዚቃ ታሪክ ስማቸው ገንኖ ከሚነሣ ባለሙያዎች መካከል አንዱ የሆነው ጃንጎ ራይንሃርት ግን ዝናን ያተረፈው ከእነዚህ አራት ጣቶች ሁለቱ በእሳት አደጋ ከተጎዱ በኋላ ነው።

ጃንጎ እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 23 ቀን 1910 በቤልጅየም ሊበርሺ በተባለች መንደር ተወለደ። ቤተሰቡ ከሮማኒ ሕዝብ ወገን የሆነው የማኑሽ ማኅበረሰብ አባል ሲሆን፣ በፈረስ በሚጎተት የጋሪ ቤት ከቦታ ወደ ቦታ እየተዘዋወረ የሚኖር ነበር። ኋላም በፓሪስ ከተማ ዳርቻ ሰፈረ።

ጃንጎ መደበኛ ትምህርት አልተከታተለም፤ የሙዚቃ ኖታም ማንበብ አይችልም ነበር። 12 ዓመት ገደማ ሲሆነው ባንጆ የተባለውን የሙዚቃ መሣሪያ አገኘ። መምህሮቹም በሰፈሩ የነበሩ ታላላቆቹ ነበሩ። የእነርሱን የጣት አጣጣል በዓይኑ እየተከታተለ፣ የሰማውንም ዜማ በጆሮው ይዞ እየደጋገመ ሙያውን አዳበረ። ብዙም ሳይቆይ በፓሪስ ዳንስ ቤቶች አኮርዲዮን ተጫዋቾችን ማጀብ ጀመረ። ዳንሰኞች ምቱ እንዳይዛነፍ ስለሚፈልጉ፣ ይህ ሥራ ለቀኝ እጁ ጽኑ ሥልጠና ሆነለት። እ.ኤ.አ በ1928 የመጀመሪያ ሸክላዎቹን አስቀረጸ።

በዚያው ዓመት መገባደጃ፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ ሕይወቱን የለወጠ አደጋ ደረሰበት። ባለቤቱ ለሽያጭ የምታዘጋጃቸው የሴሉሎይድ አበቦች በሌሊት በእሳት ተያይዘው የጋሪ ቤታቸው ጋየ። ጃንጎ ከነባለቤቱ በሕይወት ቢተርፍም የግራ እጁና የቀኝ እግሩ ክፉኛ ተቃጠሉ። ሐኪሞች እግሩ እንዲቆረጥ ሐሳብ ቢያቀርቡም አልተቀበለም። የግራ እጁ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ግን ወደ መዳፉ ተኮማትረው ቀሩ።

በሕክምና ላይ ሳለ ወንድሙ ጆሴፍ ጊታር አመጣለት። ጃንጎም የሚያውቀውን ሁሉ ትቶ እንደ አዲስ መማር ነበረበት። አራት ጣት ያለው ተጫዋች እጁን በአንድ ስፍራ አሳርፎ ከክር ወደ ክር ሲሻገር፣ እርሱ በሌባ ጣቱና በመሃል ጣቱ ብቻ በጊታሩ አንገት ላይ ወደ ላይና ወደ ታች በፍጥነት መሮጥን ተለማመደ። የተጎዱትን ጣቶች ደግሞ ኮርድ በሚይዝበት ጊዜ ቀጫጭኖቹን ክሮች ለመጫን አዋላቸው። በዚህ ሁኔታ የተገኘው አጨዋወት የቀድሞው ጉድለት ማካካሻ ብቻ ሳይሆን፣ ራሱን የቻለ አዲስ ስልት ሆነ።

እ.ኤ.አ በ1931 ቱሎን ከተማ ሳለ የሉዊ አርምስትሮንግን ሸክላዎች ሰማ፤ ከዚያ በኋላ ልቡ ወደ ጃዝ አዘነበለ። እ.ኤ.አ በ1934 ከቫዮሊን ተጫዋቹ ስቴፋን ግራፔሊ ጋር የፈረንሳይ ሆት ክለብ ኩንቴትን መሠረተ። ቡድኑ አንድ ቫዮሊን፣ ሦስት ጊታርና አንድ ቤዝ ብቻ የያዘ ሲሆን፣ ከበሮም ሆነ የትንፋሽ መሣሪያ አልነበረውም። እስከዚያ ድረስ በአብዛኛው ለአጃቢነት ብቻ ይውል የነበረው ጊታር በዚህ ቡድን ዜማውን የሚመራ መሣሪያ ሆነ።

እ.ኤ.አ በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ቡድኑ በለንደን ነበር። ግራፔሊ በዚያው ሲቀር ጃንጎ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። ናዚዎች የሮማኒን ሕዝብ በጅምላ በሚፈጁበት በዚያ ዘመን መጫወቱን ቀጠለ፤ ኑዋዥ የተሰኘውን ዝነኛ ድርሰቱንም እ.ኤ.አ በ1940 አስቀረጸ። እ.ኤ.አ በ1943 ወደ ስዊዘርላንድ ለመሸሽ ያደረገው ሙከራ አልተሳካለትም።

ከጦርነቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ1946፣ ከዱክ ኤሊንግተን ጋር በአሜሪካ ተዘዋውሮ ተጫወተ። ስሙ ከገነነ በኋላም መማሩን አላቆመም፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ወጣቶቹ ያመጡትን የቢባፕ ስልት ከራሱ አጨዋወት ጋር አዋሐደ። እ.ኤ.አ ሜይ 16 ቀን 1953 በሳሞዋ ሱር ሴን በአንጎል ደም መፍሰስ ምክንያት በ43 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።

የጃንጎ አርአያነት ከሞቱ በኋላም አልተቋረጠም። እ.ኤ.አ በ1965 የጣቶቹን ጫፍ በፋብሪካ አደጋ ያጣው እንግሊዛዊው ቶኒ አዮሚ ጊታር ሊተው ባሰበበት ወቅት የጃንጎን ሸክላ ሰምቶ ወደ ልምምዱ ተመለሰ፤ በኋላም ብላክ ሳባዝ በተሰኘው የሮክ ቡድን ስመ ጥር ለመሆን በቃ። የሁለቱም ታሪክ እንደሚያስገነዝበው፣ የሙያ ብቃት የሚለካው በተጓደለው ሳይሆን በቀረው ነገር ላይ በሚደረግ ትጋት ነው።