ማለቂያ የሌለውን ድምር የቋጨው አርኪሜዲስ

ቤተሰቦች፣ እስቲ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። አንድ ላይ ሩብ ጨምሩ፤ ከዚያ የሩቡን ሩብ፣ ከዚያም የእሱን ሩብ... ሳታቆሙ ብትቀጥሉ ድምሩ ስንት ይደርሳል? መደመሩ ማለቂያ የለውም፤ ድምሩ ግን አለው። ይህን ያረጋገጠልን አርኪሜዲስ ነው።

የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ287 ገደማ፣ በሲሲሊ ደሴት፣ ሲራኩስ ከተማ ነው። አባቱ ፊዲያስ የከዋክብት አጥኚ ነበር። ብዙዎቻችን አርኪሜዲስን የምናውቀው ከገንዳ ወጥቶ ራቁቱን ሮጠ በሚለው ወሬ ነው። ዛሬ እሱን እንተወውና ወደ ቁም ነገሩ እንግባ።

አርኪሜዲስ፣ ፓራቦላ የሚባለው ጥምዝ መስመር በቀጥታ መስመር ሲቆረጥ መሀል ላይ የሚታጠረውን ስፋት ማወቅ ፈለገ። ውስጡ አንድ ሦስት ማዕዘን አስገባ። ግራና ቀኝ በተረፈው ክፍተት ሁለት ትንንሽ ጨመረ፤ ሁለቱ ተደምረው የመጀመሪያውን ሩብ ያህላሉ። ቀጥሎ አራት፣ ከዚያ ስምንት... እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ሩብ ነው። ድምሩስ? 4/3፣ ማለትም አንድ ከሲሶ!

ሲሶው ከየት መጣ? ድፎ ዳቦ አስቡ። አራት እኩል ቦታ ቆርጣችሁ ለሦስት ልጆች አንዳንድ ስጡ። የተረፈችውን ሩብ ደግሞ አራት ቆርጣችሁ እንደዚያው አካፍሉ። እንዲህ ስትቀጥሉ የሚተርፈው ወደ ምንም ይጠጋል። ሦስቱም እኩል ስለደረሳቸው የእያንዳንዱ ድርሻ ሲሶ ነው።

እሱ ግን በዚህ ብቻ አልረካም። የትኛውም ዙር ላይ ብንቆም፣ የመጨረሻውን ቁራሽ ሲሶ ስንጨምርበት ልክ 4/3 እንደሚሞላ አሳየ። ከዚያም የፓራቦላው ስፋት ከዚህ ሊበልጥም ሊያንስም እንደማይችል አረጋገጠ።

በ212 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሮማውያን ሲራኩስን ሲይዙ አንድ ወታደር ገደለው። ሥራዎቹ የተገለበጡበት አንድ ብራናም በመካከለኛው ዘመን ተፍቆ ጸሎት ተጻፈበት። እ.ኤ.አ. በ1906 ዴንማርካዊው ሃይበርግ ቁስጥንጥንያ ላይ የተፋቀውን ጽሑፍ አነበበው። ለካ አርኪሜዲስ መልሱን መጀመሪያ ያገኘው ቅርጾችን በሐሳቡ ሚዛን ላይ እየመዘነ ኖሯል! መልሱ በእጁ ሳለ ነው ማረጋገጫ ፍለጋ የደከመው። እኛን ከሁሉ የገረመን ይሄ ነው።