ለኮምፒዩተር አስተርጓሚ የሠሩ ሴት፤ ግሬስ ሆፐር

ግሬስ ሆፐር እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1906 በአሜሪካ አገር በኒውዮርክ ከተማ ተወለዱ (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ነው)። የ7 ዓመት ልጅ ሳሉ የደወል ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ በቤት ያሉትን ሰዓቶች ሁሉ ፈታቷቸው፤ እናታቸውም ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ብቻ ፈቀዱላቸው።

በ1934 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ፤ በቫሳር ኮሌጅም ያስተምሩ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ዕድሜያቸው አልፏል፥ ክብደታቸውም ጐድሏል ቢባሉም በ1943 ወደ ባሕር ኃይል ገቡ፤ በሐርቫርድም ርዝመቱ 15 ሜትር ያህል በሆነው በማርክ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ሠሩ።

ስማቸው የሚነሣበት ዋናው ሥራ ግን የ1952ቱ ነው። በዚያ ዘመን ለኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚጽፍ ሰው በቁጥርና በምልክት መጻፍ ነበረበት። አስቀድሞ የተሠራ ትእዛዝ ቢፈለግ እንኳ ከደብተር በእጅ ይገለበጥ ነበር፤ ገልባጭም ሲደክመው ይሳሳታል። በጣና ገዳማት ብራና የገለበጡ ጸሐፊዎች ይህን ድካም ያውቁታል። ሆፐር ግን ግልበጣው የመኪናው ሥራ እንዲሆን አሰቡ። ትእዛዞቹን በቴፕ ላይ አኑረው ለእያንዳንዱ የመጥሪያ ቁጥር ሰጡት፤ ኮምፒዩተሩም ራሱ እየፈለገ ያገጣጥማቸው ጀመር። ኤ ዜሮ የተባለውን ይህን ሥራ ብዙዎች የመጀመሪያው አጠናቃሪ ይሉታል። ኮምፒዩተር ከሒሳብ በቀር ሌላ አይችልም የሚሉ ስለ ነበሩ፥ ሥራው ተሠርቶ እያለ እንኳ አማኝ ጠፋ! እንደ እኔ አሳብ ከሰዓቱ ፍታት ይልቅ ይህን መታገሣቸው ይደንቃል። በእንግሊዝኛ ቃል የሚታዘዝ ፍሎውማቲክ የተባለ ቋንቋም አወጡ፤ እርሱም በ1959 ለተጀመረው ለኮቦል መሠረት ሆነ።

ዛሬ በሐሙሲት ወይም በባሕር ዳር በስልኩ ድረ ገጽ የሚከፍት ሰው ሳያውቀው በዚህ አሳብ ይጠቀማል። በ2012 የወጣ ታይፕስክሪፕት የሚባል ቋንቋ አለ፤ ጸሐፊው ይህ ቁጥር ነው፥ ያ ፊደል ነው እያለ ዓይነቱን ስለሚለይበት ስሕተቱ ቀድሞ ይታወቃል። የድረ ገጽ ማሰሻ ግን የሚያነበው ጃቫስክሪፕትን ነው። ስለዚህ አንዳንድ ሰርቨር ገጹ በተጠየቀ ጊዜ እዚያው ይተረጕመዋል፤ ክፍት ቦታውንና ማስታወሻውን ይጥላል፤ እኛ ዓመተ ምሕረትን ዓ.ም. እያልን እንደምንጽፍ ረጅሙን ስም ያሳጥራል። ያንኑም አስቀምጦ ለሚቀጥለው ጠያቂ ይሰጣል። የሚላከው ሲያንስ ከኢንተርኔት ጥቅል የሚቈረጠውም ያንሳል፤ ይህም ለተማሪ ኪስ ቀላል ነገር አይደለም።

ሆፐርም ብክነትን አይወዱም ነበር። ንግግር በሚያደርጉበት ሁሉ 30 ሳንቲሜትር ያህል የሽቦ ቁራጭ ያድሉ ነበር፤ ብርሃን በአንድ ሰከንድ ቢሊዮንኛ ክፋይ የሚሄደው ያን ያህል ነውና። በ1986 በ79 ዓመታቸው በሪር አድሚራል ማዕርግ ከባሕር ኃይል ተሰናበቱ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 ዐርፈው በአርሊንግተን መካነ መቃብር ተቀበሩ።