ክብሩ የዘገየበት ሯጭ

ስመ ጥሩው ሯጭ ጄሲ ኦወንስ በአሜሪካ አገር፥ በአላባማ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1913 ከድኻ ጥቁር ጭሰኛ ቤተ ሰብ ተወለደ። ሜይ 25 ቀን 1935 በአን አርቦር ከተማ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሦስት የዓለም ሬኮርዶችን ሰብሮ በአራተኛው ተስተካከለ። በ1936ም ሂትለር የዘሩን የበላይነት ሊያሳይበት ባሰበው በበርሊን ኦሎምፒክ፥ በ100ና በ200 ሜትር ሩጫ፥ በርዝመት ዝላይና በዱላ ቅብብል አራት የወርቅ ሜዳሊያዎች ተሸለመ።

ይሁን እንጂ ወደ አገሩ ሲመለስ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የደስታ መልእክት እንኳ አልላኩለትም፤ ለዕለት ጉርሱም ሲል ከፈረስ ጋር እስከ መሽቀዳደም ደረሰ። ፕሬዚዳንት ፎርድ ለሲቪል ሰው የሚሰጠውን ከፍተኛ ሜዳይ የሸለሙት ከ40 ዓመት በኋላ፥ በ1976 ነው። ኦወንስም ይህን ክብር በሕይወቱ ካየ በኋላ ማርች 31 ቀን 1980 በ66 ዓመቱ ዐረፈ።